ዋናውን ሳይነኩ መጨመር፤ የእትም መቈጣጠሪያ መሣሪያዎች በሼል ስክሪፕት የሰፉበት ታሪክ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፥ ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ሲሠሩ ማን ምን እንደ ለወጠ የሚመዘግቡት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች፥ በተጠቃሚዎቻቸው እጅ በትንንሽ የሼል ስክሪፕቶች እየሰፉ እንዴት ለዛሬው መልካቸው እንደ በቁ በአጭሩ መተረክ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በማንኩሳ አካባቢ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ በሄድንበት ጊዜ በገዛ እጃችን ባደረስነው አንድ ጥፋት ምክንያት፥ ጥያቄው የታሪክ ተማሪም ጥያቄ መሆኑን ተረዳን።

ማንኩሳ በምዕራብ ጎጃም፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል በአውራው ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህችው ስፍራ ስለ ሆነ፥ ስሟን ያልሰማ የአማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። እኛ ሦስት ተማሪዎች ወደዚያ የሄድነው ስለ ልቦለዱ ሳይሆን፥ ሽማግሎች ስለ ርስት፥ ስለ ገበያና ስለ አድባራት የሚናገሩትን ለመጻፍ ነበር። እያንዳንዳችን የሰማነውን በየኮምፒዩተራችን እንጽፍና ማታ ስንገናኝ በፍላሽ እንለዋወጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «የመጨረሻ»፥ «የመጨረሻ ሁለት»፥ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች በዙ፤ ከሦስቱም ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ጊት የሚባለውን መሣሪያ የያዝነው ከዚህ በኋላ ነው።

የእትም መቈጣጠሪያ ስንል፥ አንድ ጽሑፍ በተለወጠ ቍጥር የቀድሞውን ሳያጠፋ፥ ለውጡን ከለዋጩ ስም፥ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋራ በማኅደር የሚያኖር መሣሪያ ማለታችን ነው። የሼል ስክሪፕት ስንልም፥ ሰው በትእዛዝ መስመር ላይ አንድ በአንድ የሚጽፋቸው ትእዛዞች በቅደም ተከተል በአንድ ፋይል ተጽፈው፥ ኋላ በአንድ ስም ሲጠሩ ሁሉም በየተራቸው የሚፈጸሙበት አጭር ጽሑፍ ማለታችን ነው።

1. በአገራችን ያለው ልማድ

ወደ ባሕር ማዶ ከመሻገራችን በፊት በእጃችን ያለውን ማየት ይገባል። ጽሑፍን ሳያበላሹ የማስፋት ጥበብ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለምና። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው መጀመሪያ ንባብን፥ ቀጥሎ ዜማን፥ ከዚያም ቅኔን ይማራል፤ ትርጓሜ መጻሕፍት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሩ የግእዙን ንባብ ይሰጣል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ሌላ ፍች ሲኖር «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ ሦስተኛም ቢኖር እንደ ገና «አንድም» ይላል። አዲሱ ፍች የቀድሞውን አይሽረውም፤ ሁለቱም ንባቡን አይነኩትም። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የጎንደር ትርጓሜ ቤቶች በአፈታት ቢለያዩም የሚፈቱት መጽሐፍ አንድ ነው። ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው ይህ ትርጓሜ፥ የአራቱ ወንጌላት አንድምታ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታተመ ጊዜ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ።

በዜማም እንዲሁ ነው። የድጓ ምልክቶች ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋሉ እንጂ በመስመሩ ውስጥ ገብተው ቃሉን አይለውጡትም። ድጓውን የጨረሰ ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ይህም ማለት በየአገሩ የተማረውን በአንድ በታወቀ ቤት ፊት አቅርቦ ያስመረምራል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በጎጃም የታወቀው የአጫብር ዜማ ከቤተ ልሔሙ ስልት ስለ ተለየ የተጠላ አልሆነም፤ ራሱን ችሎ ኖሯል። በቅኔም የጎንጅ፥ የዋሸራና የዋድላ ቤቶች መንገዳቸው ይለያይ እንጂ፥ የሚመሠረቱበት የግእዝ ግስና አገባብ የጋራ ነው። እኛ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን ይህን ሥርዓት ያየነው ከውጭ ሆነን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ ልንፈርድበት አንደፍርም።

ሆኖም ከዚህ ልማድ ሦስት መመዘኛዎችን ማውጣት እንችላለን። አንደኛ፥ ዋናው ጽሑፍ የተጠበቀ ነው። ሁለተኛ፥ ተጨማሪው የሚገባበት የታወቀ በር አለ፤ ይኸውም «አንድም» የሚለው ቃል ነው። ሦስተኛ፥ የጨመረው ቤት የታወቀ ነው፤ ባለቤት የሌለው ፍች አይነገርም። የባሕር ማዶ መሣሪያዎችን የሠሩ ሰዎች ከእኛ ሊቃውንት ተማሩ ማለታችን አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከውን በእነዚህ በሦስቱ ለመመዘን እንዲመቸን ነው እንጂ።

2. ከቤል ላብራቶሪ እስከ አምስተርዳም

ከዚህ ጀምሮ ስለ ውጭ አገር ስንናገር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪ በ1969 ተጀመረ። የዚህ ሥርዓት አሳብ፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዲሠራ፥ የአንዱም ውጤት ለሌላው መነሻ እንዲሆን ነው። በ1973 የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው «ፓይፕ» ማለትም ቧንቧ ገባ፤ በ1979ም ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋራ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ ያልተማረ ተጠቃሚ እንኳ ትንንሾቹን ትእዛዞች እየገጣጠመ የራሱን መሣሪያ ለመሥራት ቻለ።

የመጀመሪያው የታወቀ የእትም መቈጣጠሪያ የተሠራው በዚሁ በቤል ላብራቶሪ ነው። ማርክ ሮችካይንድ በ1972 ኤስ.ሲ.ሲ.ኤስ. የተባለውን ጀመረ። ይህ መሣሪያ አንድ ፕሮግራም ሳይሆን የብዙ ትእዛዞች ስብስብ ነበር፤ አንዱ እትም ያወጣል፥ ሌላው አዲስ ለውጥ ያስገባል፥ ሌላው ታሪኩን ያሳያል። ትእዛዞቹ ብዙ ስለ ሆኑ ለማስታወስ አስቸጋሪ ነበሩና፥ ኋላ በበርክሌይ ኤሪክ ኦልማን ሁሉንም በአንድ ስም ሥር የሚጠራ መግቢያ ሠራላቸው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የዋናው ሥራ ሳይነካ የውጭው በር ብቻ ተለወጠ። በ1982ም ዋልተር ቲሺ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አር.ሲ.ኤስ.ን አወጣ። አዲሱ መሣሪያ የመጨረሻውን እትም በሙሉ እያኖረ፥ የቀደሙትን ግን ወደ ኋላ በሚቈጠር ልዩነት ብቻ ስለሚያስቀምጥ፥ ዘወትር የሚፈለገው እትም ቶሎ ይገኝ ነበር።

አር.ሲ.ኤስ. ግን አንድ ትልቅ ጕድለት ነበረው። አንድ ሰው አንድን ፋይል ለማረም በወሰደ ጊዜ ፋይሉ ይቈለፍና ሌላው እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል። ይህን ችግር የፈታው ትልቅ ድርጅት አይደለም፤ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ናቸው። በአምስተርዳም ነጻ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዲክ ግሩነ ከ1984 እስከ 1985 ከሁለት ተማሪዎቹ ጋራ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠራ ነበር። የሦስቱ የሥራ ሰዓት አልገጠመም፤ አንዱ በመደበኛ ሰዓት፥ አንዱ አመቸኝ ባለ ጊዜ፥ አንዱ ደግሞ ማታ ብቻ ይሠራ ነበር። ማታ የሚሠራው ቀን የሚሠራውን እስኪጠብቅ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ግሩነ አር.ሲ.ኤስ.ን ሳይለውጥ፥ በላዩ ላይ የሼል ስክሪፕቶችን ጻፈ። በእነዚህም ስክሪፕቶች እያንዳንዱ የራሱን ቅጅ ይዞ ሳይጠባበቅ ይሠራል፤ ሥራውን ወደ ማኅደሩ በሚመልስበት ጊዜ ለውጦቹ ይዋሐዳሉ። ግሩነ ስክሪፕቶቹን በ1986 ለሕዝብ አወጣቸው፤ ስማቸውም ሲ.ቪ.ኤስ. ተባለ።

በ1989 ብራያን በርሊነር ይህንኑ አሳብ በሲ ቋንቋ እንደ ገና ጻፈው፤ ከዚያም በኋላ ሲ.ቪ.ኤስ. ለብዙ ዓመታት የነጻ ሶፍትዌር ሠራተኞች ዋና መሣሪያ ሆኖ አገለገለ። እንግዲህ በዓለም የተስፋፋው ይህ መሣሪያ ትውልዱ ከጥቂት የሼል ስክሪፕቶች ነው። የመጣበትም ምክንያት የሦስት ሰዎች ሰዓት አለመግጠሙ ነው። ችግሩ የኛም ችግር ስለ ነበረ፥ ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ የሦስታችንን የማንኩሳ ሌሊቶች አስታወሰን።

3. የጊት በር

የሊኑክስ ኮርነል ሠራተኞች ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር በተባለ የንግድ መሣሪያ ያለ ክፍያ ይጠቀሙ ነበር። በ2005 ይህ ፈቃድ ተነሣ። ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ፤ በጥቂት ቀኖችም ውስጥ ጊት የገዛ ራሱን ታሪክ መመዝገብ ቻለ። በሰኔ ወር የወጣው የሊኑክስ 2.6.12 እትም በጊት የተያዘ ነበር። በሐምሌም ጁኒዮ ሐማኖ የጊትን ጥበቃ ተረከበ።

የመጀመሪያው ጊት ለተራ ተጠቃሚ የሚመች አልነበረም። በሲ የተጻፉት ክፍሎች የታችኛውን ሥራ ብቻ ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም ይዘትን በማኅደር ማኖር፥ መዝገቡን ማንበብና የመሳሰለው ነው። ይህን ክፍል ሠራተኞቹ «የቧንቧ ሥራ» ይሉታል፤ ሰው በእጁ የሚነካውን የላይኛውን ክፍል ደግሞ «ሸክላው» ይሉታል። ሸክላው በአብዛኛው የተጻፈው በሼል ነበር። ፔትር ባውዲስም በዚያው በ2005 ኮጊቶ የሚባል ሌላ የሼል ስክሪፕቶች ስብስብ በጊት ላይ ሠርቶ ብዙዎች ይጠቀሙበት ነበር። ኋላ የጊት የራሱ ትእዛዞች ሲሻሻሉ ኮጊቶ አስፈላጊነቱ ቀረና ሥራው ተቋረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳያችን ደርሰናል። ጊት ለተጨማሪ ሞጁል የተወው በር እጅግ ቀላል ነው። ስሙ «ጊት» በሚለው ቃልና በአንዲት ሰረዝ የሚጀምር፥ ሊሠራ የሚችል ማንኛውም ፋይል፥ ሼል ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ማውጫዎች በአንዱ ውስጥ ከተገኘ፥ ጊት እንደ ራሱ ትእዛዝ አድርጎ ይጠራዋል። ለምሳሌ «ጊት-ፊደል» የሚባል ስክሪፕት ብንጽፍ፥ በትእዛዝ መስመር ላይ «ጊት ፊደል» ስንል ይፈጸማል። መዝገብ ማስገባት፥ ፈቃድ መጠየቅ፥ ዋናውን ፕሮግራም እንደ ገና ማጠናቀር አያስፈልግም። ስክሪፕቱ በሼል ይሁን በሌላ ቋንቋ ጊት አይጠይቅም።

በሩ ሰፊ ቢሆንም ዘበኛ አለው። ጊት ትእዛዝ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያየው በውስጡ ያሉትን የራሱን ትእዛዞች ነው፤ ወደ ውጭ የሚመለከተው ከዚያ ባጣ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከጊት የራሱ ትእዛዞች በአንዱ ስም ስክሪፕት ቢጽፍ፥ የሚጠራው የጊት የራሱ እንጂ የተማሪው አይደለም። መጨመር ይቻላል፤ መሻር ግን አይቻልም። በመጀመሪያው መመዘኛችን፥ ማለት ዋናው በመጠበቁ፥ ጊት ፈተናውን ያልፋል። በሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሰረዟ እንደ «አንድም» የታወቀች በር ናትና።

በዚያው በ2005 ማት ማካል የጀመረው ሜርኩሪያል የተባለው መሣሪያ ሌላ መንገድ መረጠ። የሜርኩሪያል ተጨማሪዎች በፓይተን ቋንቋ ተጽፈው በፕሮግራሙ ውስጥ ይጫናሉ። በውስጥ የገባ ተጨማሪ የበለጠ ኃይል አለው፤ የዋናውን ጠባይ ሊለውጥ ይችላልና። ነገር ግን የዋናው ውስጥ በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይሰበራል። የጊት ስክሪፕት ከውጭ ሆኖ በታወቁ ትእዛዞች ብቻ ስለሚነጋገር ኃይሉ ያነሰ፥ ዕድሜው ግን የረዘመ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ፍጹም ልክ፥ ሌላውን ፍጹም ስሕተት ማለት አይገባም።

4. የስክሪፕቶቹ ዕድል

በዚህ በር ከገቡት የታወቁትን እንጥቀስ። አቬሪ ፔናሩን በ2009 የአንዱን ማኅደር ታሪክ በሌላው ማኅደር ንኡስ ክፍል ውስጥ የሚያስገባ «ሰብትሪ» የሚባል የሼል ስክሪፕት ጻፈ፤ በ2012 ከጊት ጋራ ከሚታደሉት ተጨማሪዎች መካከል ተቈጠረ። ቪንሰንት ድሪሰን በ2010 ስለ ቅርንጫፎች አያያዝ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ሥርዓቱንም የሚያስፈጽም «ጊት-ፍሎ» የሚባል የሼል ስክሪፕቶች ስብስብ ሠራ። ብዙ ድርጅቶች ሥርዓቱን ተቀበሉት። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ድሪሰን ራሱ በጽሑፉ ላይ ማሳሰቢያ ጨመረ፤ ሥራቸውን ያለ ማቋረጥ ለሕዝብ የሚያወጡ ሰዎች ከዚህ የቀለለ መንገድ ቢከተሉ ይሻላል አለ። የቀድሞውን ጽሑፍ ሳያጠፋ ማሳሰቢያውን ከላዩ ማኖሩ የሚመሰገን ነው፤ የሊቃውንቱን «አንድም» ይመስላልና።

በሌላ በኩል ብዙዎቹ የጊት የራሱ ስክሪፕቶች በሲ እየተተኩ መጥተዋል። በ2007 በሼል ስክሪፕት የገባው፥ ያላለቀ ሥራን ለጊዜው የሚያስቀምጠው «ስታሽ» በ2019 በሲ ተጻፈ። ለውጦችን በአዲስ መሠረት ላይ የሚያሰልፈው «ሪቤዝ»ም በ2018 እንዲሁ ሆነ። ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። አንደኛ፥ የሼል ስክሪፕት ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥራ አዲስ ፕሮግራም ስለሚያስነሣ ይዘገያል፤ ይልቁንም በዊንዶውስ ላይ መዘግየቱ ይሰማል። ሁለተኛ፥ በፋይል ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ወይም ያልተለመደ ምልክት ሲገኝ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ስክሪፕት ይሳሳታል። ሦስተኛ፥ ሼል ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ጥቂት ጥቂት ይለያያል።

አንዳንዶች ይህን አይተው የሼል ስክሪፕት ጊዜው ያለፈበት ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ከላይ እንዳየነው ሲ.ቪ.ኤስ. መጀመሪያ ስክሪፕት ሆኖ ካልተሞከረ፥ በርሊነር በሲ የሚጽፈው አሳብ ባልነበረውም ነበር። ስታሽም እንዲሁ 12 ዓመት ያህል በሼል ሠርቶ ጥቅሙ ከታወቀ በኋላ ነው የተተካው። ስክሪፕቱ የአዲስ አሳብ መፈተኛ ቦታ ነው፤ ሲ ደግሞ የጸና አሳብ ማኖሪያ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ትርጓሜ ቤት እንደማይጀምር ሁሉ፥ በሼል ሳይሞከር በቀጥታ ወደ ዋናው የሚገባ አሳብ ብዙ ጊዜ ያላጸና ነው።

5. በማንኩሳ የደረሰው

የመጣንበትን ጥፋት አሁን እንናገር። ጊት ከተሠራበት አገር ውጭ ላለ ፊደል ሁልጊዜ የተመቸ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ መዝገብ ገብቷል፤ በተለመደው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ጊት ግን ካልተነገረው በስተቀር፥ በእንግሊዝኛ ፊደል ያልተጻፈውን የፋይል ስም ባይት በባይት በቍጥር ይጽፈዋል። «ማንኩሳ» ብለን የሰየምነው ፋይል አራት ፊደል ሲሆን፥ በማያው ላይ የታየን 12 የቍጥር ስብስብ ነበር፤ የመጀመሪያዋ «ማ» ብቻ 341፥ 210፥ 233 ሆነች። ይህ በአንድ ቅንብር ይስተካከላል። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ በሚጻፍበት ጊዜም ጊት ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ስለ ሆነ፥ መስመሩን ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይቈጥረዋል።

ከሁሉ ያስቸገሩን ግን ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዳችን «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል። ጊት ይህን ሁሉ እንደ ለውጥ ስለሚያሳይ፥ ሽማግሌው የተናገሩት በእውነት የተለወጠበት ቦታ በፊደል ልዩነት ብዛት ተሸፈነ። ስለዚህ ሐና ኀን በሀ፥ ሠን በሰ፥ ዐን በአ፥ ፀን በጸ እየተካ ሁለት እትሞችን የሚያነጻጽር «ጊት ፊደል» የሚባል ስክሪፕት ለመጻፍ አሰብን። አምስት ፊደላት በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 35 መተካካት ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙከራችን «ቲአር» በተባለው የዩኒክስ ትእዛዝ ነበር። በኮምፒዩተራችን ያለው ቲአር የሚያየው ፊደልን ሳይሆን ባይትን ነው፤ ስለዚህ ሐን ወደ ሀ ለውጥ ስንለው በእርግጥ የለወጠው የሐን ሦስተኛ ባይት ነው፤ ይህችኑ ባይት በምታገኝበት ፊደል ሁሉ ላይም እንዲሁ አደረገ። በዚህ ምክንያት ነ ወደ ኀ ተለወጠ። «ነገር» «ኀገር»፥ «ነፍስ» «ኀፍስ» ሆኖ ወጣ። ይህ በማያው ላይ ብቻ ስለ ነበር ሣቅንበትና አለፍን፤ «ሴድ» በተባለው ሌላ ትእዛዝም አስተካከልነው።

ሁለተኛው ጥፋት ግን የሚያሥቅ አልሆነም። አንዳችን ስክሪፕቱ ፊደሉን በማነጻጸሪያው ቅጅ ላይ ሳይሆን በዋናው ፋይል ላይ እንዲያስተካክል ፈለገ፤ ስለዚህ የትእዛዙን መነሻና መድረሻ አንድ ፋይል አደረገው። ሼል ደግሞ ከማንበቡ በፊት የሚጽፍበትን ፋይል ባዶ ያደርጋል። በአንድ ጊዜ ፋይሎቻችን ሁሉ ባዶ ሆኑ። በማኅደር የተመዘገቡት በአንድ ትእዛዝ ተመለሱ። ነገር ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ የዕድሜ ባለጸጋ የኔታ የጻፍነው፥ ገና ያልተመዘገበው ጽሑፍ ጠፋ።

በማግስቱ ወደ የኔታ ተመልሰን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ልጆቼ፥ ንባቡን ሳታጸኑ ወደ ትርጓሜ ምን አስኬዳችሁ?» አሉን። ከዚህ በኋላ ሳይሰለቹ እንደ ገና ነገሩን። አንድ የገበያ ቦታ ስለ ተዛወረበት ምክንያት ግን በመጀመሪያው ቀን በበሽታ ምክንያት ነው ብለውን የነበሩት፥ አሁን ውሃ ስለ ጠፋ ነው አሉ። «የኔታ፥ ትናንት በበሽታ ነው ብለውን አልነበረምን?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «አንድም ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ» ብለው መለሱልን። እኛም ሁለቱንም ጻፍን፤ የመጀመሪያው ግን በእርሳቸው ቃል ሳይሆን በእኛ ትዝታ የተጻፈ መሆኑን ማስታወሻ አኖርንበት። በቃላቸው የነበረው የመጀመሪያው አነጋገር ለዘለዓለም የለም። ለታሪክ ተማሪ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ «ጊት ፊደል» ሁለቱን እትሞች ከማኅደር ወደ ጊዜያዊ ቦታ አውጥቶ፥ ቅጅዎቹን ብቻ አስተካክሎ ያነጻጽራል፤ ዋናውን አይነካም። ሁለተኛም «ጊት ጓዝ» የሚባል አጭር ስክሪፕት ጻፍን። ይህም ያልተመዘገበ ሥራ ካለ አልሄድም ይላል፤ ከሌለ ግን ጊት ያለውን ማኅደሩን በአንድ ፋይል የመጠቅለል ትእዛዝ ጠርቶ፥ ቀኑን በስሙ ላይ ጽፎ በፍላሽ ላይ ያኖረዋል። በገጠር መረብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ሥራውን ሁሉ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ላይ ያስቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ታይቷል። ጊት ግን ሙሉውን ታሪክ በእያንዳንዱ ሠራተኛ እጅ ስለሚያኖር፥ ፍላሽ የያዘ እግረኛ እንኳ መልእክተኛው ሊሆን ይችላል።

6. መደምደሚያ

እስካሁን ከተናገርነው የሚከተለውን እንደመድማለን። በ1986 የወጣው ሲ.ቪ.ኤስ. ሆነ፥ የ2005ቱ ኮጊቶ ሆነ፥ የ2010ሩ ጊት-ፍሎ፥ ሁሉም የተነሡት ከተጠቃሚ ችግር ነው፤ የተጻፉትም ዋናውን ሳይነኩ ነው። ከእነርሱ አንዳንዱ በዋናው ተተካ፥ አንዳንዱ ወደ ዋናው ተጠጋ፥ አንዳንዱም በጸሐፊው ማሳሰቢያ ተወሰነ። የጠፋው እንኳ ለተከታዩ መንገድ ጠርጎ ነው የጠፋው።

ከሦስቱ መመዘኛዎች ሁለቱን ጊት በራሱ ያሟላል፤ ዋናው የተጠበቀ ነው፥ በሩም የታወቀ ነው። ሦስተኛውን ግን፥ ማለት የጨመረው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደ ጨመረ ማስታወቅን፥ መሣሪያው ሊያደርግልን አይችልም። ስክሪፕቱ በአንድ ተማሪ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ቢኖር፥ ተማሪው ሲመረቅ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምንለው ይህ ነው፤ የምትጽፉትን ስክሪፕት ከጽሑፋችሁ ጋራ በአንድ ማኅደር አስመዝግቡት፤ በራሱ ላይ ስማችሁንና የጻፋችሁበትን ምክንያት በአማርኛ ጻፉበት፤ በቅጅ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አትሞክሩት፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የዕለቱን ሥራ ሳታስመዘግቡ ምንም አትንኩ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን። የሲ ቋንቋ እስኪማር ድረስ ተማሪውን ከመሣሪያው ደጅ ማቆም አይገባም። ሰባትና ስምንት መስመር የሼል ስክሪፕት የሚጽፍ የታሪክ ተማሪ፥ በማንኩሳ ወይም በሌላ ስፍራ የሚሰማውን ቃል የሚጠብቅበትን መሣሪያ በገዛ እጁ ሊሠራ ይችላል። ሽማግሎቻችን በየዓመቱ እያለፉ ናቸው፤ የተናገሩትንም ሁለተኛ እንዲናገሩልን ሁልጊዜ አናገኛቸውም።

ይህ ጽሑፍ ሁሉን የጨረሰ ነው አንልም። የጐደለውን የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ያልነውን ሳይሰርዝ «አንድም» ብሎ ይጨምርልን።